ማንን ነው የለመደው?

የኬዚያ ሥራ ቃል ማሻገር ነበር። ሚስ ቶርሊ በእንግሊዝኛ የጠየቀችውን ለእናቶቹ በሉጋንዳ ትነግራለች፤ እናቶቹ የመለሱትን ለሚስ ቶርሊ በእንግሊዝኛ ታቀብላለች። ስትቀጠር ቀላል መስሏት ነበር፤ ሚስ ቶርሊ የምትጠይቀው ሁሉ ማንም የሚያውቀው ነገር ነውና። ሕፃኑ ከማን ጋር ይተኛል? ሲያለቅስ ማን ያነሳዋል? ጥለሽው ስትወጪ ምን ይሆናል?

«ምን ይሆናል፣ ያለቅሳል እንጂ» አለች ጌሪዳ በመጀመሪያው ቀን። ጌሪዳ ስድስት የወለደች፣ ምላሷ ዕረፍት የማያውቅ ሴት ነች። «የእነሱ አገር ሕፃን ምን ያደርጋል? ባርኔጣውን አንስቶ ይሰናበታል?»

ኬዚያ «ያለቅሳል ትላለች» ብላ አሻገረች። ሚስ ቶርሊ ጻፈች።

ሚስ ቶርሊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፤ አላገባችም፤ ልጅ የላትም። በጦርነቱ ጊዜ ለንደን ውስጥ፣ ቦምብ ሽሽት ከእናቶቻቸው ተነጥለው ወደ ገጠር ከተላኩ ሕፃናት ጋር ሠርታለች። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት አንገታቸው ላይ ታስሮ፣ እንደ ሻንጣ ባቡር ጣቢያ ይደረደሩ እንደነበር አንድ ቀን መኪና ውስጥ ለኬዚያ ነግራታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ያለቅሳሉ። በሁለተኛው ዝም ይላሉ። በሦስተኛው ሐኪሞቹ «ተስማምቷቸዋል» ብለው ይጽፋሉ። ሚስ ቶርሊ ግን የተስማማቸው አልመሰላትም፤ ይህን ስትናገር አለቆቿ ሳቁባት። ስለዚህ ሕፃን ከሰው ጋር እንዴት እንደሚቆራኝ ከሥሩ ለማየት፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው የሚውሉበት አገር ፈለገችና ቡጋንዳን አገኘች።

የመጣችበት ጊዜ ጥሩ አልነበረም። እንግሊዞች ካባካውን፣ የቡጋንዳን ንጉሥ፣ በአውሮፕላን ጭነው ከወሰዱት ገና ዓመቱ ነው። ወንዶቹ በሐዘን ጢማቸውን አሳድገዋል። ከካምፓላ ወጣ ብሎ ባለው መንደር «ንጉሡን ወስደው ጨረሱ፤ አሁን ደግሞ ሕፃናቱን ይመዘግቡልናል» ተባለ። ይህን ወሬ ያለዘበው የሚስ ቶርሊ ጉልበት ነው። ሴቶቹ ሰሌን ላይ እግራቸውን ወደ ጎን አጥፈው ግማሽ ቀን ሲቀመጡ፣ ሚስ ቶርሊ ግን አንዱን እግሯን ስታጥፍ ሌላው ይወጣባታል፤ እንደተሰበረ ጃንጥላ አልዘጋ ትላለች። ሰው እንዲህ ሆኖ አገር ሊወስድ አይችልም ብለው ተስማሙ። የታመመ ልጅ ሲኖር ደግሞ በመኪናዋ ክሊኒክ ታደርሳለች። በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት ቤት ተከፈተላት።

ችግሩ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ መጣ። ሚስ ቶርሊ «ሕፃኑ አብልጦ የሚወደው ማንን ነው?» ብላ ጻፈች። በሉጋንዳ መውደድና መፈለግ አንድ ቃል ናቸው። ኬዚያ እንዳለ ብትጠይቀው የመጀመሪያዋ እናት «ማቶኬ» አለች፤ የሚቀቀለውን ሙዝ ማለቷ ነው፣ በኦቾሎኒ ወጥ ሲሆን። ሁለተኛዋ «ማንኪያ» አለች። ጌሪዳ ልጇን ዝቅ ብላ አየችና «ጡት። እንደ አባቱ» አለች። ሚስ ቶርሊ ማቶኬ፣ ማንኪያ፣ ጡት ብላ በተራ ጻፈች፤ ከዚያም ብዕሯን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች።

ኬዚያ አዘነችላት። ትንሽም ለእንጀራዋ ፈራች። አራተኛው ቤት ሲደርሱ ማንንም ሳታማክር ቃሉን ቀየረችው፤ «ማንን ነው የለመደው?» አለች። መልሱ ወዲያው መጣ። «እኔን።» «ታላቅ እህቱን።» «አያቱን፤ እኔንማ ከመጤፍም አይቆጥረኝ።» ሚስ ቶርሊ ፊቷ በራ። አሁን ጥያቄዬ ገባቸው አለች። ኬዚያም አዎ፣ አሁን ገባቸው አለች። ነገሩ በዚሁ አለፈ፤ ኬዚያ እውነቱን ሳትነግራት ዓመት ሊሞላ ነው።

ሌላውንም ችግር የፈታችው እሷ ነች። ሚስ ቶርሊ እናትየው ተነስታ ስትወጣ ሕፃኑ የሚሆነውን ማየት ትፈልጋለች። ነገር ግን እንግዳ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ባለቤቲቱ ጥላ የምትወጣበት ቤት በቡጋንዳ የለም። «እባክሽ ለአምስት ደቂቃ ውጪልን» ሲሏቸው እናቶቹ የተሰደቡ ያህል ደነገጡ። አንዷማ እስከ ደጃፉ ሄዳ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ተመለሰች። ኬዚያ መፍትሔውን ከዚያው ከባህሉ አወጣችው። እንግዳ ሲሄድ ይሸኛል። ስለዚህ ኬዚያና ሚስ ቶርሊ ተነስተው ይሰናበታሉ፤ እናትየው ሕፃኑን ለእህቱ ትሰጥና ልትሸኛቸው ትወጣለች፤ ሚስ ቶርሊ ወደ ኋላ እየዞረች፣ በሙዝ ግንድ እየተደናቀፈች ትጽፋለች። ከዚያ የሆነ ነገር ረስተናል ይሉና ሦስቱም ይመለሳሉ። መንደሩ ውስጥ ነጯ ዕቃ ስትረሳ አይጣል ነው ተባለ።

ማስታወሻ ደብተሩን ኬዚያ ማንበብ የጀመረችው በዚህ ጊዜ ነው። ማንም አልከለከላትም፤ ማንም አላስተማራትም። ሕፃናቱ በሦስት ተከፍለው ነበር። እናታቸው ስትሄድ የሚያለቅሱና ስትመለስ የሚረጋጉ አሉ። ታቅፈውም የማይረጋጉ አሉ። የሦስተኛዎቹን ስም ኬዚያ አላወቀችውም፤ ቀድሞ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሄዳ መዝገበ ቃላት ገለጠች። «ያልተቆራኙ» ማለት ነው። አምስት ናቸው። እናትየው ብትወጣ አያለቅሱም፤ ብትገባ አይስቁም። ማን ይሁን ማን ግድ አይሰጣቸውም።

ያን ቀን ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ብዙ ተቀመጠች።

ኬዚያ ናንቴዛ የምትባል ሴት ልጅ አለቻት፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። አሥራ አራት ወር ሲሆናት ኬዚያ እንደገና አረገዘች። ያረገዘች ሴት ጡት ለልጅ አይሆንም ይባላል፤ ጡት የሚጥል ልጅ ደግሞ ወደ አያቱ ይላካል። ናንቴዛ ሚትያና መንገድ ላይ ወዳለችው የባሏ እናት ወደ ጃጃ ያዬሪ ተላከች፤ ጃጃ ማለት አያት ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። የተረገዘው ልጅ ግን ሳይወለድ ቀረ፤ ከዚያም ወዲህ ኬዚያ ሌላ አልወለደችም። ባሏ ዮናሳኒ ጂንጃ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ በወር አንዴ ይመጣል። በቤቱ የምትሰማው ድምፅ የራሷን እግር ኮቴ ብቻ ነው።

ለገና ሄዳ ልጄን ልውሰድ ብላ ነበር። አማቷ አልተቆጣችም። «እኔ አልከለክልሽም» ነው ያለችው። «ተነስታ ከተከተለችሽ ይዘሻት ሂጂ። ጎትተሽ ግን አትወስጃትም።» ናንቴዛ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ገብታ ቀረች። ዮናሳኒ በበኩሉ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ካላመጣሻት እዚያው ትደግ፣ ዓመት በዓመት ይህን ወሬ አልሰማም ብሏል።

ኬዚያ በአንድ ነገር ተማምናለች። ዓመት ሙሉ የሚስ ቶርሊን ቃል ስታሻግር «እናት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳሻገረች አምላክ ያውቃል። ሕፃን ያለ እናቱ አይሆንም የሚለውን ሲስቁባት እንኳ ያልተወች ሴት፣ ለሌላው ሁሉ ዘዴ ካላት፣ ለናንቴዛ አታጣም። ስለዚህ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ጠየቀቻት፤ እንደ ሌሎቹ ልጆች ልጄን ይዩልኝ፣ እንዴት አድርጌ እንደማስነሳት ይንገሩኝ አለች።

ሚስ ቶርሊ መሪዋን ይዛ መንገዱን እያየች፣ ሦስት ዓመት ተኩል ከጥናቴ ውጭ ነው አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ካየሁ የማየውን ነው የምነግርሽ። የምትፈልጊውን አይደለም» አለች።

«የሚያዩትን ይንገሩኝ» አለች ኬዚያ፤ ሁለቱ አንድ እንደሚሆኑ አልተጠራጠረችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ሚስ ቶርሊ እንደ ልማዷ ዳቦና ሰርዲን በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች፤ ከማንም ጋር አትበላም፤ መኪናው ውስጥ ቆልፋ ትበላለች። የዚያን ቀን ግማሹን ለኬዚያ ሰጠቻትና፣ ሳትጠየቅ፣ ልጅ ሳለች ሞግዚት እንደነበረቻት ነገረቻት። ስድስት ዓመቷ ሲሆን አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ ሞግዚቷ የለችም። እናቷ በቁርስ ላይ ማርማላታ አቀብዪኝ አለቻት። ነገሩ ያ ብቻ ነው አለች ሚስ ቶርሊ፤ ከዚያም ስለ መንገዱ አቧራ አወራች።

ጃጃ ያዬሪ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሴት ነች። ሰሌኑን አንጥፋ ተቀበለቻቸው። ናንቴዛ መጥታ በሥርዓት ተንበረከከችና «እንኳን ደህና መጣሽ ኬዚያ» አለች።

«እማማ በያት ስላት እሺ ትላለች» አለች ጃጃ ያዬሪ፣ እንደማፈር ብላ። «ከዚያ ትረሳዋለች። እኔ ኬዚያ ስል ትሰማለቻ።»

ሚስ ቶርሊ ጉልበቷን እንደምንም አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ደብተሯን አወጣች፤ ከዚያም መኖሯ እስኪረሳ ድረስ ዝም አለች። በዚህ ተሰጥኦ ነበራት። ናንቴዛ ከአያቷ ጎን በትንሽ ቢላ ሙዝ ትልጣለች። አያቷ ልጣጩን ልትጥል ተነሳች፤ ናንቴዛም ቢላዋን አስቀምጣ ተነሳች። አያቷ ጎረቤት ጠርቷት ከሙዙ ማሳ ኋላ ተሰወረች፤ ናንቴዛ የማሳው ጫፍ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ አለቀሰች። አያቷ ስትመለስ እንባዋን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ልጣጩ ጋ ተመለሰች።

ከዚያ ሚስ ቶርሊ ኬዚያን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ኬዚያ ማድረግ ያለባትን ከማንም በላይ ታውቃለች። ተነሳች፤ «ደህና ሁኚ ናንቴዛ» አለች፤ በመንገዱ ወርዳ ከሙዝ ቅጠሎቹ ኋላ ቆመች። ሃያ ስድስት እናቶች እንዲህ ሲቆሙ አጠገባቸው ነበረች። አብዛኞቹ የልጁን ድምፅ ሲሰሙ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር። ኬዚያ ጆሮዋን ሰጠች። ዶሮ ሰማች። ራቅ ብሎ ብስክሌት ሰማች። ቢላዋ ሙዙ ላይ ሲሄድ የሰማች መሰላት፤ ያን ያህል ግን ቅርብ አልነበረችም።

ስትመለስ ናንቴዛ ቀና ብላ አየቻት።

«የረሳሽው ነገር አለ?» አለቻት፤ በጣም በትሕትና።

ሚስ ቶርሊ ጻፈች። ብዙ አልጻፈችም፤ ሁለት መስመር ነው። ደብተሩን ከዘጋች በኋላ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ የተናገረችውም ለኬዚያ ነው፤ ጃጃ ያዬሪ ግን ከአፏ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«ልጅቷ ደህና ነች። በዚህ አገር ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ የተቆራኘች ልጅ ነች። የተቆራኘችው ግን ከአያቷ ጋር ነው። ዛሬ እጇን ይዘሽ ብትወስጃት አንድ ሳምንት ታለቅሳለች። በሁለተኛው ዝም ትላለች። ሦስተኛውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አትውሰጃት።»



«ምን አለች?» አለች ጃጃ ያዬሪ። «ረጅም ነበር እኮ።»

ዓመት ሙሉ ኬዚያ በዚህ ቦታ ስትቆም ቃል ትመርጥ ነበር። አሁንም ትችላለች። ልጅቷ እርስዎን ለምዳለች ብትል ውሸት አይሆንም፤ የለመዱትን ነገር መተው ይቻላል፤ ጃጃ ያዬሪም ታዲያ አንቺንም ትለምዳለች ብላ ጓዟን ትሸክፍላት ይሆናል። ፊት ለፊቷ ናንቴዛ የተላጠውን ሙዝ ውሃ ውስጥ ትከታለች።

«የምትወደው እርስዎን ነው አለች» አለች ኬዚያ። «ልውሰዳት ማለት የለብኝም አለች።»

አሮጊቷ ጥቂት አሰበች። «ይቺን ለማወቅ ነው ከለንደን የመጣችው?»

ማንም አልሳቀም። ጃጃ ያዬሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ከዚያ በፊት ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። «አንቺንም ትወድሽ ነበር። ያመጧት ጊዜ ሦስት ቀን እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ። ምግብ ብሰጣት አትበላም። መኪና በመጣ ቁጥር ትነሳለች። በአራተኛው ቀን በላች።»

«አልነገሩኝም» አለች ኬዚያ።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ሆድሽ ውስጥ ሌላ ነበረ። ከዚያ ደግሞ ሌላው ቀረ። በዚያ ላይ ይህን ልጨምርብሽ?»

ሚስ ቶርሊ ምን እንዳለች ጠየቀች። ኬዚያ ቃል በቃል፣ ምንም ሳትቀንስ፣ ሦስቱንም ቀን አሻገረችላት። ሚስ ቶርሊ ብዕሯን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ሳትጽፍ ቀረች። ኬዚያ ስትተረጉምላት፣ የምትሰማውን ሳትጽፍ ስትቀር ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሁሉም ይውጣ አለች ኬዚያ በልቧ፤ ስለ ዘጠነኛው ጥያቄ ነገረቻት። ማቶኬና ማንኪያ ሲመጣ ቃሉን እንደቀየረችው፣ ማንን ይወዳል ሳይሆን ማንን ለመደ ብላ ስትጠይቅ እንደኖረች። የሚስ ቶርሊ ጆሮ ቀላ።

«ሁሉንም ቤት?»

«ከአራተኛው ጀምሮ።»

ሚስ ቶርሊ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች፤ አንድ ገጽ ላይ ቆመች፤ እንደገና ገለጠች። ትቆጣለች ብላ ኬዚያ ጠበቀች፤ ትቆጣ ዘንድ ተመኝታም ነበር። «ከእኔ ጥያቄ የተሻለ ሳይሆን አይቀርም» አለች ሚስ ቶርሊ በመጨረሻ፤ ደስ ያላት ግን አትመስልም። ለንደን ያሉት አለቆቿ ይህን ሲሰሙ የሚሉትን እያሰበች ይሆናል።

«ሚስ፣ አንድ ሰው የለመደች ልጅ ሌላ ሰው መልመድ ትችላለች?»

«ትችላለች» አለች ሚስ ቶርሊ። «ያ ሌላው ሰው ካልሄደ።»

ኬዚያ ይህን ለጃጃ ያዬሪ አላሻገረችውም። ለራሷ ያዘችው። መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ሚስ ቶርሊ በሩን ከፈተችላት፤ ኬዚያ አልገባችም። በዚህ ዙር ሰባት ቤት ይቀረናል አለች ሚስ ቶርሊ፤ ሰኞ የጌሪዳ ተራ ነው፣ ያላንቺ ከጌሪዳ ጋር ምን እሆናለሁ አለች። ኬዚያ ጌሪዳ የምትናገረውን ባይሰሙት ይሻልዎታል አለቻት። ቀልድ ነበር፤ ሁለቱም ግን በቦታው አልሳቁም። ሚስ ቶርሊ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻት፣ እንደ ወንድ፤ መኪናውን ሦስት ጊዜ ወደ ፊት፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ብላ አዞረችና ብቻዋን ወደ ካምፓላ ወረደች። ከጎኗ ያለው መቀመጫ ላይ የቀረው ዳቦ አለ።

ጃጃ ያዬሪ ምራቷ ተመልሳ ስትገባ አየቻት፤ ምንም አልጠየቀችም። የእንግዳውን ሰሌን ከግድግዳው አውርዳ አነጠፈችላት፤ ምራቷ ልጇ ባለችበት ቤት እንደ እንግዳ በመቆጠሯ እንዳዘነች ግን ገብቷት ይሁን አይሁን አይታወቅም።

ጠዋት ናንቴዛ መጥታ ተንበረከከች።

«እንዴት አደርሽ ኬዚያ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«ደህና። መቼ ነው የምትሄጂው?»

«አልሄድም» አለች ኬዚያ።

ናንቴዛ ይህን ለማሰብ ጊዜ ወሰደባት። እንግዳ እንዲህ ሲል ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራትም። ተነሳች፤ ጉልበቷን አራገፈች፤ ወደ ማድ ቤት ሄደች። በሸምበቆው ግድግዳ በኩል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ጃጃ፣ እንግዳዋ አልሄድም ትላለች።»

 እንጨት ሲሰበር ተሰማ።

«እንግዲያው ሻይ ውሰጂላት» አለች ጃጃ ያዬሪ።

ልጅቷ ኩባያውን እንዳይፈስባት በዓይኗ እየጠበቀች፣ ቀስ እያለች መጣች። ኬዚያ እንደ እንግዳ በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ አመሰገነቻትም።